«ሃውኤቨር» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

የእንግሊዝኛ ድርሰት «እስቲ እየው» ተብሎ ሲሰጠኝ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው የዓረፍተ ነገሮቹ መነሻ ላይ ነው። በ«ፈርስትሊ» ተጀምሮ፣ በ«ሞርኦቨር» ቀጥሎ፣ «ፈርዘርሞር» ተደርቦበት፣ በ«ኢን ኮንክሉዥን» የሚዘጋ ከሆነ ችግሩ የት እንዳለ ከወዲሁ እገምታለሁ። ሰዋስዉ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የቃላት ምርጫውም አይከፋም። ሐሳቦቹ ግን ጎን ለጎን ተደርድረዋል እንጂ እርስ በርስ አልተያያዙም።

እኔ እንግሊዝኛ የምጽፈው ለሥራ ነው። ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ አንዳንዴም ረዘም ያለ ጽሑፍ። ከዚያ በተረፈ ለፈተና የሚዘጋጁና ለትምህርት የሚያመለክቱ ወዳጆቼን ድርሰት ሳይ ዓመታት አልፈዋል። አብዛኞቻችን አፋችንን የፈታነው በአማርኛ ስለሆነ የምንሰናከልባቸው ቦታዎች በጣም ይመሳሰላሉ። ቦታዎቹን ለይቶ ማወቅ ትልቅ ድካም ይቀንሳል ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። አያያዥ ቃል ዝምድና አይፈጥርም። በሐሳቦቹ መካከል ያለውን ዝምድና በስሙ ይጠራዋል፣ ሥራው ይኸው ነው። «ዜርፎር» ስትሉ ለአንባቢው «ቀጥሎ የምነግርህ አሁን ካልኩት የመጣ ውጤት ነው» ብላችሁ ቃል እየገባችሁ ነው። ቀጥሎ የመጣው ነገር ውጤት ካልሆነ አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል። «ምን አምልጦኝ ነው?» ይላል። ያመለጠው ነገር የለም፤ የተባለው ዝምድና ነው የሌለው።

ስለዚህ የአያያዥ ቃላት ዝርዝር ከመክፈታችሁ በፊት በአማርኛ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያው ምኑ ነው? ምክንያቱ ነው? ውጤቱ ነው? ምሳሌው ነው? ተቃራኒው ነው? ወይስ በሌላ አነጋገር የተደገመ ራሱ ነው? መልሱ ከታወቀ ቃሉ አይጠፋም። መልሱ ካልታወቀ ደግሞ የትኛውም ቃል አያድንም።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ አንቀጽ ላሳያችሁ። አንዲት ወዳጄ ለፈተና ስትዘጋጅ ከቤት ሆኖ ስለመሥራት ጻፈች። አንቀጹ ወደ አማርኛ ሲመጣ፣ አያያዦቹ እንዳሉ ሆነው፣ እንዲህ ይላል፦

«ከቤት ሆኖ መሥራት ጊዜ ይቆጥባል። ሞርኦቨር፣ ሠራተኛው ወደ ቢሮ አይመላለስም። ሃውኤቨር፣ አንዳንድ ሰዎች ብቸኝነት ይሰማቸዋል። ዜርፎር፣ ብዙ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው በሳምንት የተወሰነ ቀን ቢሮ እንዲገቡ ያደርጋሉ። ኢን አዲሽን፣ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ሥራው ይቋረጣል።»

ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በስተቀር ሁሉም አያያዥ አለው። «አለመመላለስ ጊዜ ለመቆጠቡ ምኑ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ምክንያቱ ነዋ!» አለች፣ ወዲያውኑ። ታዲያ «ሞርኦቨር» ምን ይሠራል? «ሞርኦቨር» ተጨማሪ ነጥብ ሊመጣ ነው ይላል። የመጣው ግን የዚያው ነጥብ ምክንያት ነው። እዚያ ቦታ የሚያስፈልገው «ቢኮዝ» ብቻ ነበር።

«ሃውኤቨር» በቦታው ነው። ጥቅም ተነግሮ ጉዳት ሲመጣ ይሠራል። «ዜርፎር»ም ብዙ አያስከፋም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይበላሻል። ልጆች ሥራ ማቋረጣቸው ጉዳት ነው። ጉዳቱ ደግሞ መነገር የነበረበት ከብቸኝነቱ ጋር፣ መፍትሔው ከመምጣቱ በፊት ነው። እዚህ ቦታ አያያዥ ቃል መለወጥ ምንም አይጠቅምም። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ተነስቶ ሌላ ቦታ መሄድ አለበት። ስታስተካክለው እንዲህ ሆነ፦

«ከቤት ሆኖ መሥራት ጊዜ ይቆጥባል፣ ምክንያቱም ሠራተኛው ወደ ቢሮ አይመላለስም። ነገር ግን አንዳንድ ሰዎች ብቸኝነት ይሰማቸዋል፤ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉም ሥራው ይቋረጣል። በእነዚህ ችግሮች የተነሳ ብዙ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው በሳምንት የተወሰነ ቀን ቢሮ እንዲገቡ ያደርጋሉ።»

የሚያስደምም ቃል የለበትም። ግን ይፈሳል። በተለይ «በእነዚህ ችግሮች» የሚለውን ልብ በሉት፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ አማርኛችን ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙው ችግር የሚነሳው ከዚህ ነው። አማርኛ ሐሳብን የሚያያይዘው በአብዛኛው በግሱ ላይ ነው። «ስለመጣ»፣ «ቢመጣም»፣ «ሲመጣ»፣ «ከመጣ»፣ «እንዲመጣ» እንላለን። አያያዡ ግሱ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። እንግሊዝኛ ግን ራሱን የቻለ ቃል አውጥቶ ከፊት ያስቀምጣል። ይህ ልዩነት ብቻውን ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግሩት ከሱ የሚወለዱት ልማዶች ናቸው።

አንደኛው «ሀብታም ቢሆንም ግን ደስተኛ አይደለም» የሚለው አነጋገራችን ነው። በአማርኛ ምንም አይልም፤ «ግን» ሐሳቡን ያጠነክረዋል። ይህን እንዳለ ስንገለብጠው «ኦልዞው ሂ ኢዝ ሪች፣ በት ሂ ኢዝ ኖት ሃፒ» ይወጣል። እንግሊዝኛ ይህን አይቀበልም። «ኦልዞው» ካለ «በት» አይኖርም፤ «በት» ካለ «ኦልዞው» አይኖርም። አንዱ ይበቃል። ጽሑፋችሁ ውስጥ «ኦልዞው» የሚለውን ሁሉ ፈልጋችሁ ከኮማው በኋላ «በት» ተከትሎት እንደሆነ አረጋግጡ። ጥሩ የሚጽፉ ሰዎች ዘንድ እንኳ ይህን አገኘዋለሁ።

ሁለተኛው «ምክንያቱም» ነው። በአማርኛ «ቤት ዋልኩ። ምክንያቱም አሞኝ ነበር» ብለን በአራት ነጥብ ለያይተን መጻፍ እንችላለን። እንግሊዝኛ ላይ ግን በ«ቢኮዝ» የጀመረ ሐረግ ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይሆንም። በመደበኛ ጽሑፍ ውስጥ «ቢኮዝ አይ ዎዝ ሲክ» ብሎ ነጥብ ማድረግ እንደ ጎደሎ ይቆጠራል። ከፊተኛው ጋር አያይዙት፤ ነጥቡን አንሱት። በነገራችን ላይ «ዓረፍተ ነገር በቢኮዝ አይጀመርም» የሚለው ከትምህርት ቤት የቀረ ሕግ ትክክል አይደለም። ይጀመራል። «ስለታመምኩ» የሚለውን አስቀድማችሁ፣ ኮማ አድርጋችሁ፣ «ቤት ዋልኩ» የሚለውን ካስከተላችሁ እንከን የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። «ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ ወጣ» የምንልበት አማርኛችን። ይህ የግስ ቅርጽ እጅግ የሚያምር ነገር ነው። ችግሩ ብዙ ዓይነት ዝምድና በአንድ ልብስ መሸፈኑ ነው። «በልቶ ወጣ» ስንል መጀመሪያ በላ፣ ከዚያ ወጣ ማለታችን ነው፤ ቅደም ተከተል። «ሮጦ መጣ» ስንል እንዴት እንደመጣ እየተናገርን ነው። «ደክሞት ተኛ» ስንል ደግሞ ለምን እንደተኛ። አማርኛ አንባቢ ሦስቱንም ሳያስብ ይለያቸዋል። ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ ግን ሦስቱንም በ«ኤንድ» እናልፋቸዋለን። ዓረፍተ ነገሩ በ«ኤንድ» ላይ «ኤንድ» እየደረበ ይሄዳል። አንባቢው ደረቅ የድርጊት ዝርዝር እንጂ ምክንያት አይደርሰውም።

መፍትሔው ያቺው ጥያቄ ናት። «ዝናብ ጥሎ መንገዱ ተዘጋ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ልትጽፉ ነው እንበል። መጣሉ ለመዘጋቱ ምኑ ነው? ምክንያቱ። እንግዲያው «ኤንድ» አይበቃም፤ «ሶ» ወይም «ቢኮዝ» ይግባ። ቅደም ተከተል ከሆነ «አፍተር» ወይም «ዜን» ይሠራል። ሁኔታን የሚገልጽ ከሆነ ብዙ ጊዜ አያያዥ ጭራሽ አያስፈልግም፤ «ሮጦ መጣ» ለማለት «ከይም ራኒንግ» በቂ ነው። በ«ኤንድ» የተጫነ ጽሑፍ ሲገጥመኝ ቀለም ይዤ እያንዳንዱን «ኤንድ» አከብበዋለሁ፤ ከዚያ ጸሐፊው ራሱ እንዲመልስ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ያውቀዋል። በአማርኛ እያሰበ እስከመጨረሻው ያውቀው ነበር፤ እንግሊዝኛው ላይ አላወጣውም እንጂ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። «በመጨረሻ» የሚለው ቃላችን ሁለት ቦታ ይሠራል። የነጥቦች መዝጊያ ይሆናል፤ ብዙ ከጠበቅን በኋላ የሆነንም ነገር ይገልጻል። እንግሊዝኛ እነዚህን ይለያቸዋል። «አት ላስት» የሁለተኛው ነው፤ «ተመስገን፣ ደረሰ» የሚል ስሜት አለበት። የመጨረሻ ነጥባችሁን በ«አት ላስት» ከጀመራችሁ አንባቢው ያን ነጥብ በጉጉት ስትጠብቁ የከረማችሁ ይመስለዋል። ለነጥብ «ላስትሊ» ወይም «ፋይናሊ» በሉ።

ቀጥሎ ሥርዓተ ነጥብ። ይህ ክፍል ደረቅ ነው፣ ግን ነጥብ የሚያስጥለው እሱ ነው። «በት» እና «ሃውኤቨር» ትርጉማቸው ቢቀራረብም ሥራቸው ይለያያል። «በት» መስተጻምር ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ አጣብቆ አንድ ማድረግ ይችላል። «ሃውኤቨር» ግን ተውሳከ ግስ ነው፤ የማጣበቅ ጉልበት የለውም። ስለዚህ ከፊቱ ነጥብ ወይም ሴሚኮለን (;) ያስፈልገዋል፣ ከኋላው ደግሞ ኮማ። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን መሃላቸው ላይ ኮማ፣ «ሃውኤቨር»፣ ኮማ አድርጎ ማገናኘት ስህተት ነው። «ዜርፎር»፣ «ሞርኦቨር»፣ «ፈርዘርሞር»፣ «ኮንሲኩዌንትሊ» ሁሉም የ«ሃውኤቨር» ወገን ናቸው። ግራ ከገባችሁ ነጥብ አድርጋችሁ አዲስ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ። ሴሚኮለን ግዴታ አይደለም፣ በነጥብ የሚያፍር ጽሑፍም የለም።

ሌላው ከአያያዡ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው። «ኦልዞው» ቀጥሎ ባለቤትና ግስ ያለው ሙሉ ሐረግ ይፈልጋል። «ዲስፓይት» ደግሞ ስም ወይም «አይኤንጂ» ያለው ግስ። «ቢዘንብም» የሚለው ዝናቡን በግስ የያዘ ስለሆነ «ኦልዞው ኢት ሬይንድ» ይሆናል፤ ዝናቡን በስም ከጠራነው «ዲስፓይት ዘ ሬይን»። «ቢኮዝ» እና «ቢኮዝ ኦፍ»ም እንደዚሁ ናቸው። አንደኛው ለሐረግ፣ ሁለተኛው ለስም። «ዲስፓይት ኦፍ» የሚባል ነገር ደግሞ የለም። «ኦፍ» የምትከተለው «ኢን ስፓይት»ን ነው።

«ኦን ዚ አዘር ሃንድ» እና «ኦን ዘ ኮንትራሪ» የሚምታቱባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ሌላ ጎን ያሳያል፤ ሁለቱም ጎኖች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ከተማ ውስጥ መኖር ምቹ ነው፤ በሌላ በኩል ጫጫታ አለው። ሁለተኛው ግን የተባለውን ክዶ ይነሳል። «ፈተናው ቀላል አልነበረም። እንዲያውም በጣም ከባድ ነበር» በሚል ዓይነት ቦታ ላይ ነው የሚገባው። የምትክዱት ነገር ከሌለ «ኦን ዘ ኮንትራሪ» አትበሉ። ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ለማነጻጸር ብቻ ከሆነ «ዌርአዝ» ወይም «ዋይል» ሥራውን ይሠራሉ።

«ፎር ኤግዛምፕል» ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ስንናገር «ብዙ እንስሳት አደጋ ላይ ናቸው። ለምሳሌ ዝሆን፣ አውራሪስ» እንላለን፤ ማንም ይረዳናል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን «ፎር ኤግዛምፕል» ብሎ ስሞች ብቻ ደርድሮ በነጥብ መዝጋት አይቻልም፤ ግስ ይጎድለዋል። ስሞቹን ብቻ ማስገባት ከፈለጋችሁ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሳች አዝ» ብላችሁ ጨምሯቸው።

ለፈተና የምትዘጋጁ ካላችሁ ይህን እወቁ። አይኤልትስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የጽሑፍ ክፍል ላይ ሁለት ጽሑፎች በ60 ደቂቃ ይጻፋሉ። የመጀመሪያው ቢያንስ 150 ቃል፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃል ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው እጥፍ ይመዝናል። የሚታረሙት በ4 መመዘኛዎች ነው፤ እኩል ክብደት አላቸው። ከ4ቱ አንዱ ሐሳብ እንዴት እንደተያያዘና እንደተደራጀ የሚያይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «አያያዥ ቃል በበዛ ቁጥር ነጥብ ይጨምራል» ብሎ ይደመድማል። መመዘኛው የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። አያያዥ ማብዛት ዝቅ ባሉት ደረጃዎች ላይ በጉድለትነት ተጠቅሷል። ከ9 ነጥብ 6 የሚሰጠው ጽሑፍ መግለጫ ላይ አያያዡ ሜካኒካል ሊሆን እንደሚችል ተጽፏል። 9 የሚያገኘው ጽሑፍ ደግሞ አያያዡ የአንባቢውን ትኩረት እምብዛም የማይስብ ነው። ይህን መግለጫ ካነበበ በኋላ «ፈርዘርሞር»ን በግድ የሚሸመድድ ሰው አይኖርም ብዬ አስባለሁ።

ታዲያ አያያዥ ቃል ሳይበዛ ጽሑፍ በምን ይያያዛል? እ.ኤ.አ. በ1976 ማይክል ሃሊደይና ሩቃያ ሐሰን የተባሉ የቋንቋ ሊቃውንት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያያዝባቸውን መንገዶች በ5 ከፍለው አስቀምጠው ነበር። ከ5ቱ አያያዥ ቃል አንዱ ብቻ ነው። ከቀሩት ውስጥ በተግባር ከሁሉም የሚጠቅመኝ ቀደም ሲል የተባለን ነገር መልሶ መጥራት ነው። «ሂ»፣ «ኢት»፣ «ዜይ» ይህን ያደርጋሉ። ቁልፍ ቃል መድገምም ያደርገዋል።

እኔ አጥብቄ የምመክራችሁ ግን «ዚስ» ብላችሁ ስም ማስከተልን ነው። ቅድም «በእነዚህ ችግሮች» ያለችውን አስታውሱ። ብቸኝነትና መቋረጥ ተነግረዋል፤ «ችግሮች» የሚለው ቃል ሁለቱንም ሰብስቦ ይይዛቸውና ወደ ቀጣዩ ሐሳብ ያሻግራቸዋል። «ዚስ» ብቻውን ከሆነ አንባቢው «የትኛው?» ይላል። «ዚስ ዲሲዥን»፣ «ዚስ ዲሌይ»፣ «ዚስ ቼንጅ» ከሆነ ግን ጥያቄ የለም። ሌላም ጥቅም አለው። የምትመርጡት ስም አስተያየታችሁን ይሸከማል። ያንኑ ነገር «ዚስ ቼንጅ» ማለትና «ዚስ ሎስ» ማለት አንድ አይደለም። አንድም አያያዥ ሳትጠቀሙ አንቀጹን አያይዛችሁ፣ አቋማችሁንም ነገራችሁ ማለት ነው።

ልምምዱን በተመለከተ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጽሑፉ ሲያልቅ ኮፒ አድርጌ ከኮፒው ላይ አያያዦቹን በሙሉ አጠፋለሁ። አንድም አላስተርፍም። ከዚያ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ብዙው ቦታ ያለ አያያዥም ይገባል፤ እዚያ ባዶውን እተወዋለሁ። የሆነ ቦታ ላይ ግን ድምፄ ይሰናከላል። ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው ዘልያለሁ ማለት ነው። እዚያ ቆሜ ያችን ጥያቄ እጠይቃለሁ። ምኑ ነው? መልስ ካገኘሁ በጣም ቀላሉን ቃል አስገባለሁ፤ «በት»፣ «ሶ»፣ «ቢኮዝ»፣ «ኦልሶ»። መልስ ካጣሁ ከሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ቦታው እዚያ አይደለም። አንስቼ አንቀሳቅሰዋለሁ፣ ቦታ ካጣሁለትም እሰርዘዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ጊዜ ይወስዳል። እየቆየ ሲሄድ ግን ገና እየጻፋችሁ ጥያቄው ራሱ ይመጣላችኋል።

አዲስ አያያዥ መማር ስትፈልጉ ደግሞ ቃሉን ከትርጉሙ ጋር ብቻ ደብተር ላይ አታስፍሩ። በደንብ የተጻፈ የዜና ትንታኔ ወይም ጽሑፍ ስታነቡ ቃሉን ካገኛችሁበት፣ ከሱ በፊት ያለውን ዓረፍተ ነገርና ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ገልብጡ። ኮማውን፣ ነጥቡን፣ ሁሉንም እንዳለ። ከሥሩ በአማርኛ «ሁለተኛው የመጀመሪያው ውጤት ነው» ወይም «ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይክዳል» ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ። ከዚያ በራሳችሁ ጉዳይ ላይ ተመሳሳይ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ። በአንድ ሳምንት አንድ ቃል በዚህ መንገድ የያዘ ሰው፣ ረጅም ዝርዝር ከሸመደደው የተሻለ ሲጽፍ አይቻለሁ። «ኔቨርዘለስ»ን እና «ኖትዊዝስታንዲንግ»ን ለኋላ አቆዩአቸው፤ ከ«በት» ጀምሩ።